የሸማኔው መነሻ ገንዘብ ወዴት ሄደ?



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ርዕሳችን ከብዙዎቻችን ቤት የራቀ አይደለም። በደብረ ታቦርም ሆነ በዙሪያዋ፣ በደራ፣ በእስቴ፣ በጋይንትና በሊቦ ከምከም አባቱ ወይም አያቱ በሽመና ያሳደጉት ሙስሊም ቁጥሩ ጥቂት አይደለም። ዛሬ ግን የሸማኔው ጉድጓድ ተደፍኖ፣ መወርወሪያው ከግድግዳ ተሰቅሎ የቀረባቸው ቤቶች አሉ። ልጆቹ ሌላ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ሄደዋል። ሽማግሌው ምክንያቱን ሲጠየቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው፤ ማሽን አሸነፈን ይላሉ።

ይህ መልስ ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሽ ነው። ማሽን ከእጅ እንደሚፈጥን ማንም ያውቃል። ሆኖም ሸማኔውን ከማሽኑ በፊት የሚጥለው ሌላ ነገር አለ። እሱም የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ የሌለው መሆኑ ነው። ዛሬ የምናየው ይህ ገንዘብ ቀድሞ ከማን ዘንድ እንደነበረ፣ ወደ ማን እንደዞረ፣ እኛም እንደ ቤተሰብ እንዴት ልንመልሰው እንደምንችል ነው።

ሽመና እንዴት የእኛ ሙያ ሆነ?

በ1660 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1668) በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ተወሰነ። በጎንደር ከተማ ለሙስሊሞች የተለየው ሰፈር አዲስ ዓለም የሚባለው ነው። በዚህ ላይ ደግሞ በሰሜኑ ደጋ ሙስሊሙ የርስት መሬት ባለቤት የመሆን መብት አልነበረውም። መሬት የሌለው ሰው በምን ይኖራል? ወይ ይነግዳል፣ ወይ በእጁ ይሠራል። አባቶቻችንም ሁለቱንም ያዙ። የዛሬው ደቡብ ጎንደር ውስጥ የሚገኙት ይፋግና ደሪታ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስማቸው የታወቀ የንግድ ቦታዎች ነበሩ፤ ደሪታ የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ነበረች። ያልነገደው ደግሞ ሸመነ። መሬት ለአራሹ የታወጀው በየካቲት 1967 ዓ.ም. መሆኑን ስናስብ፣ ሦስት መቶ ዓመት ለሚያህል ጊዜ የብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ማሳ የሸማኔ ዕቃ ነበር ማለት ይቻላል።

ነገር ግን የሚለብሰው ሕዝብ የሚያለብሰውን አላከበረም። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ በሙያቸው ይሰደቡ ነበር። ቤተ እስራኤል የሚባሉት ወገኖቻችንም በብረትና በሸክላ ሥራቸው የዚሁ ስድብ ተካፋይ ነበሩ። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን ቢከለክልም፣ የእጅ ሥራ ዝቅተኛ ነው የሚለው አስተሳሰብ ግን ከልብ አልወጣም። ዛሬም ልጁን ለሸማኔ ለመዳር የሚያመነታ ሙስሊም አለ። ሱረቱ አል-ሑጁራት አንዱ ሕዝብ በሌላው እንዳይሳለቅ፣ የተሳለቁበት ከሚሳለቁት ሊበልጡ እንደሚችሉ ማስጠንቀቁን እናስታውስ።

እጅና ክብር

ኢስላም በዚህ ጉዳይ ላይ ያለው አቋም ግልጽ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማንም ሰው በገዛ እጁ ሠርቶ ካገኘው የተሻለ ምግብ እንዳልበላ፣ የአላህ ነቢይ ዳውድም (ዐ.ሰ) ከእጃቸው ሥራ ይመገቡ እንደነበር ነግረውናል፤ ቡኻሪ ዘግበውታል። ዳውድ ንጉሥ ነበሩ። ሱረቱ ሰበእ ብረት ለእሳቸው እንደተገራላቸው፣ ጥሩር ሲሠሩም ቀለበቱን መጥነው እንዲሠሩ እንደታዘዙ ይገልጻል። ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጢ እንደነበሩ ሙስሊም ዘግበዋል።

ስለ ሽመናም የተነገረ አለ። በቡኻሪ ዘገባ መሠረት አንዲት ሴት ዳርቻው አብሮ የተሸመነ ልብስ ይዛ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣች፤ እሳቸውን ለማልበስ በገዛ እጇ እንደሠራችውም ነገረቻቸው። ነቢዩም ያስፈልጋቸው ነበርና ተቀብለው ለበሱት። በኋላ አንድ ባልደረባ ሲጠይቃቸው ሰጡት፤ ሰውየውም የፈለገው ለከፈኑ ነበር፤ ከፈኑም ሆነ። ያቺ ሴት እጇ የሠራውን ይዛ በነቢዩ ፊት ስትቆም አላፈረችም። እኛስ ስለ አባቶቻችን ሙያ የምናፍረው ለምንድን ነው?

የእጅ ጥበብ ብቻውን ግን አያቆይም

ከደብረ ታቦር አቅራቢያ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። አፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን እዚያ አስፍረው መሣሪያ ያሠሩ ነበር። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቅ መድፍ የተሠራው እዚያ ነው። ወደ መቅደላ ተጎትቶ ወጣ፤ ንጉሡም በ1860 ዓ.ም. እዚያው ሞቱ። የጋፋት የመሣሪያ ሥራም አብሮ ቆመ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የጋፋት ሥራ ገዢው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱ ሲወድቅ የሚያዝ የለም፣ የሚከፍል የለም።

ከዚህ የምንማረው ባለሙያ በጥበቡ ብቻ እንደማይኖር ነው። ዘወትር የሚያዝ ደንበኛና ዕቃ የሚገዛበት ገንዘብ ያስፈልገዋል። የአባቶቻችን ሽመና ከጋፋት በላይ የቆየው እነዚህ ሁለቱ ስለነበሩት ነው።

ገንዘቡ የማን ነበር?

እድሜያችሁ የገፋ አድማጮቻችን ይህን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። ቀድሞ ጋቢ የሚፈልግ ቤተሰብ ጥጡን ከገበያ ይገዛ ነበር። እናት ጥጡን ዳምጣ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን በእንዝርት ትፈትላለች። ፈትሉ ተጠራቅሞ ልቃቂት ሲሆን ወደ ሸማኔው ይወሰዳል። ሸማኔው ድሩን ያደራል፣ ማጉን በቀሰም ያጠነጥናል፣ ይሸምናል፤ የእጁን ዋጋ ተቀብሎ ልብሱን ያስረክባል።

በዚህ አሠራር ውስጥ ሸማኔው ለጥጥ የሚያወጣው ገንዘብ አልነበረም። መነሻ ገንዘቡ በባለቤቷ ሙዳይ ውስጥ ነበር። ጥጥ ቢወደድ የሚጎዳው ቤተሰቡ ነው፤ ጋቢው ገዢ ቢያጣ የሚል ስጋትም የለም፤ ገዢው ቀድሞ ይታወቃልና። ሸማኔው ድሃ ቢሆንም ባለ ዕዳ አልነበረም።

ከዚያ የፋብሪካ ክር መጣ። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉ። የፋብሪካ ክር ጠንካራ ስለሆነ ለድር ተመራጭ ሆነ፤ ቀስ በቀስ ማጉንም እየያዘ መጣ። እናቶች ከእንዝርት አረፉ፤ ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። ግን ሳናስተውል አንድ ነገር ተገለበጠ። ቀድሞ ቤተሰቡ ይሸከመው የነበረውን የክር ወጪ አሁን ሸማኔው ብቻውን ተሸከመው። ክር ገዝቶ፣ ሸምኖ፣ ለማያውቀው ሰው ገበያ ላይ ያቀርባል። ካልተሸጠ ገንዘቡ ታስሮ ይቀራል። ሸማኔው ሳይወድ ነጋዴ ሆነ፤ የነጋዴ ገንዘብ ግን አልነበረውም።

የዱቤ ክር ስሌት

ገንዘብ የሌለው ሸማኔ ክሩን በዱቤ ይወስዳል። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ስሌት እንሥራ። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የተቀመጡ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ለአንድ ጋቢ የሚሆን ክር በእጅ በእጅ 800 ብር፣ በዱቤ ደግሞ 1000 ብር ነው እንበል። ሥራው አራት ቀን ይፈጃል። ሸማኔው ዕዳው ስለሚያስቸኩለው ለነጋዴው በ1400 ብር ይሸጣል፤ ነጋዴውም ለእናንተ በ2000 ብር ይሸጣል።

በዱቤ የሠራው ሸማኔ 400 ብር ይተርፈዋል፤ ለቀን 100 ብር ማለት ነው። ክሩን በእጅ በእጅ ገዝቶ ቢሆን ኖሮ ለቀን 150 ብር ያገኝ ነበር። እናንተ በቀጥታ አዝዛችሁት፣ የክሩን ዋጋ ቀድማችሁ ሰጥታችሁ፣ ጋቢውን በ1700 ብር ብትዋዋሉ ደግሞ 900 ብር፣ ለቀን 225 ብር ይደርሰዋል፤ እናንተም 300 ብር ታተርፋላችሁ። ያው ሰው፣ ያው እጅ፣ ያው አራት ቀን ነው። የቀን ገቢው ከእጥፍ በላይ ሲጨምር በስሌቱ ውስጥ ማሽን የሚባል ነገር አልገባም።

እዚህ ላይ ሸሪዓዊ ድንበሩን ለይተን እንወቅ። ነጋዴ ዕቃን በዱቤ ሲሸጥ ከእጅ በእጅ ዋጋ ጨምሮ ቢሸጥ፣ ዋጋውና የመክፈያው ቀን በውሉ ሰዓት ቁርጥ ያለ ከሆነ፣ አብዛኞቹ ዑለማዎች ይፈቅዱታል። ቀኑ ሲያልፍ በዕዳው ላይ መጨመር ግን ሪባ ነው። ገንዘብ አበድሮ ሸማኔው ምርቱን ለእሱ ብቻ፣ ከገበያ በታች እንዲሸጥለት ማስገደድም ጥቅም የሚጎትት ብድር ነው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ብድርንና ሽያጭን ማቆራኘትን ከልክለዋል። የክር ነጋዴ ወንድሞቻችን ይህን ልብ እንበል። ዱቤ መስጠት መልካም ነው፤ በዱቤ ሰውን ማሰር ግን ሌላ ነው።

የተጨመሩት ሸክሞች

በዚህ የዕዳ ሸክም ላይ የዘመኑ ችግሮች ተደራረቡ። አንደኛው አስመስሎ የተሠራ ጨርቅ ነው። የሐበሻ ልብስ ጥለትን በማሽን አስመስለው የሚያትሙ ጨርቆች ከቻይና መግባት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። የሽሮ ሜዳ ሸማኔም የደብረ ታቦር ሸማኔም የሚጎዳው በአንድ መንገድ ነው። ርካሽ ጨርቅ መሸጡ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ድሃውም ይልበስ። ጥፋቱ የታተመውን የእጅ ሥራ ነው ብሎ መሸጥ ነው። ይህ ማታለል ነው፤ ያታለለ ከእኛ አይደለም ማለታቸውም የታወቀ ነው። ሕንድ በ1985 (እ.ኤ.አ.) የተወሰኑ የጨርቅ ዓይነቶች በእጅ ብቻ እንዲሸመኑ የሚከልል ሕግ አወጣች፤ በ2006 ደግሞ የእጅ ሽመና መለያ ምልክት ጀመረች። በእኛም አገር ገዢው የእጁንና የማሽኑን የሚለይበት ምልክት ቢኖር ሸማኔውም ሐቀኛው ነጋዴም ይጠቀማሉ።

ሁለተኛው የሰላም ማጣት ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እስከ ጋይንት ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን የተነሳው ግጭት መንገድ እየዘጋ ገበያ አስተጓጉሏል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ክር አይገባም፣ ጋቢ አይወጣም፤ የዱቤው ቀን ግን ይደርሳል። ሦስተኛው የብር ዋጋ መውረድ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ክርና ማቅለሚያ ብዙ ብር ይጠይቃል። እነዚህን አንድ ሸማኔ ወይም አንድ ጀመዓ ብቻውን አይፈታቸውም። የዕዳውን ሸክም ግን በእጃችን ማቃለል እንችላለን።

ሸሪዓው የሚሰጠን መንገድ

የመጀመሪያው መንገድ የእናቶቻችን መንገድ ነው። ክሩን ራሳችሁ ገዝታችሁ ብትሰጡት ሸማኔው የሚሸጥላችሁ ጉልበቱን ነው፤ ይህ በፊቅህ ኢጃራ ይባላል። ዋጋውና ሥራው ይታወቅ፣ ሲጨርስ ሳታዘገዩ ክፈሉት። ሠራተኛ አሠርቶ ዋጋውን የከለከለ ሰው በትንሣኤ ቀን አላህ ራሱ ከሚከራከራቸው ሦስት ሰዎች አንዱ መሆኑን ቡኻሪ ዘግበዋል።

ሁለተኛው ክሩም ሥራውም የሸማኔው ሲሆን የምናዝበት ውል ነው፤ ኢስቲስናዕ ይባላል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሚንበራቸውን ያሠሩት አናጢ አዝዘው ነው። የሐነፊያ ዑለማዎች ራሱን የቻለ ውል አድርገው ይቀበሉታል፤ ቀብድ መስጠትም፣ በየጊዜው መክፈልም ይቻላል። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም በ1992 (እ.ኤ.አ.) በጅዳ ይህንኑ አጽድቋል። በሻፊዒያ መዝሀብ ግን የሚታየው እንደ ሰለም ስለሆነ ሙሉው ዋጋ በውሉ ሰዓት ይከፈላል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ ሰዎች ለፍሬ ቀድመው ሲከፍሉ አገኙ፤ አልከለከሉም፤ መጠኑ፣ ክብደቱና ጊዜው የታወቀ እንዲሆን ግን አዘዙ።

በሁለቱም መንገድ ሸማኔው ከዱቤ ነጻ ይወጣል። ውሉ ግን ይጻፍ። የጋቢው ርዝመትና ስፋት፣ የክሩ ዓይነት፣ የጥለቱ ቀለም፣ የማስረከቢያው ቀን፣ የተከፈለው ቀብድ ይመዝገብ፤ ሁለት ሰው ይመስክር። የበቀራ ምዕራፍ የዕዳ አንቀጽ እንድንጽፍ ያዘዘን መተማመን ስለሌለን ሳይሆን መተማመናችን እንዳይበላሽ ነው።

ሸማኔ ወንድሞቻችንም

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሸማኔው ቃሉን ሲጠብቅ ነው። ቀብድ ተቀብሎ በቀጠሮው ያለማድረስ፣ የአንዱን ክር ለሌላው መሸመን፣ ክር ቆጥቦ ማሳሳት፣ ጋቢውን ክንድ ያህል ማሳጠር ደንበኛን ያሸሻሉ። ብዙ ቤተሰብ ከማዘዝ የተወው በቀጠሮ መመላለስ ሰልችቶት ነው። ማሽኑ በፍጥነት ይበልጣችሁ ይሆናል፤ በታማኝነት እንዲበልጣችሁ አትፍቀዱ። ዳውድ (ዐ.ሰ) ቀለበቱን መጥነው እንዲሠሩ መታዘዛቸውን አስቡ። ልኬትን ማጉደልን የሚያስጠነቅቀው ምዕራፍም የሚመለከተው የእህል ነጋዴን ብቻ አይደለም።

ክር በየግል በጥቂቱ መግዛትም ውድ ነው። ሸማኔዎች ተሰባስበው በአንድነት ቢገዙ ዋጋው ይቀንሳል። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ተመዝግቦ መደራጀት ይቻላል፤ የተመዘገበ ማኅበር በስሙ ይዋዋላል፣ ሒሳብ ይከፍታል።

ባንክና ዘካ

ለረጅም ዓመታት በክልላችን ለአነስተኛ ሠራተኛ ብድር ይሰጥ የነበረው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በኋላ ፀደይ ባንክ የሆነው፣ መደበኛ ብድሩ በወለድ ስለነበር ብዙ ሙስሊም ሸማኔ ዲኑን ጠብቆ ርቆ ቆይቷል። ወለዱን ሸሽቶ ግን የክር ነጋዴ ዘንድ ከባድ ዕዳ ውስጥ የገባም አለ። አልሐምዱሊላህ፣ አሁን በሩ ሰፍቷል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ከወለድ ነጻ አገልግሎትን አስቻለ፤ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ብሔራዊ ባንክ መመሪያ አወጣለት፤ በ2021 ደግሞ ዘምዘምና ሒጅራ ባንኮች ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆነው ሥራ ጀመሩ። በሙራበሃ ባንኩ ክሩን ራሱ ገዝቶ በታወቀ ትርፍ ለማኅበሩ ይሸጣል፤ ማኅበሩ በየጊዜው ይከፍላል። ልብ በሉ፣ ባንኩ ዕቃውን በእርግጥ ሊገዛውና ሊረከበው ይገባል፤ በወረቀት ብቻ ከሆነ ስሙ ቢለወጥም ነገሩ ያው ነው።

ባንክ መያዣ ይጠይቃል፤ መያዣ የሌለው ድሃስ? ለእሱ ዘካ አለ። ኢማም ነወዊ እንደገለጹት በሻፊዒያ መዝሀብ ሙያ ያለው ድሃ የሙያ ዕቃውን የሚገዛበት ያህል ከዘካ ይሰጠዋል። ዘካችንን ለአንድ ሳምንት ቀለብ ብቻ በታትነን ከምንሰጥ ለጥቂት ድሃ ሸማኔዎች ዕቃና የመጀመሪያ ክር ብንገዛ፣ ዛሬ ተቀባይ የሆነው ነገ ሰጪ ሊሆን ይችላል። ዘካ የማይደርሳቸውን ደግሞ ቀርደል ሐሰን፣ ማለትም ጭማሪ የሌለው ብድር፣ ይደግፋቸዋል።

በየቤታችን ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ የምንገዛውን እንወቅ። በእጅ የተሸመነ ጥለት ገልበጥ ሲያደርጉት ቀለሙ በጀርባውም ይገኛል፤ የታተመው ግን በጀርባው ይደበዝዛል። የእጅ ፈትል ያለበት ሸማ ክሩ አንዳንድ ቦታ ወፈር፣ አንዳንድ ቦታ ቀጠን ይላል፤ የማሽኑ ወጥ ነው። ከጫፉ የተመዘዘ ክር በእሳት ሲነካ ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ከሆነ ቀልጦ ይድቦለቦላል፣ እንደ ፕላስቲክም ይሸታል።

ሁለተኛ፣ ቀድመን እንዘዝ። ለዒድ፣ ለኒካሕ፣ ለወላድ የሚሆን ጋቢና ነጠላ በመጨረሻው ሳምንት ከሱቅ ከምንገዛ ከሁለትና ከሦስት ወር በፊት ለሸማኔው ቀብድ እንስጥ። በአንድ መስጊድ የሚሰግዱ አሥር ቤተሰቦች በዓመት አንድ አንድ ጋቢ ቢያዙ ለአንድ ሸማኔ አሥር የተረጋገጠ ሥራ ነው። በስሌታችን ሒሳብ አርባ የሥራ ቀን ያለ ዱቤ፣ ያለ ደላላ ይሠራል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ በልጆቻችን ፊት ሙያውን እናክብር። ሸማኔ እንዲሆኑ አናስገድድ፤ ይማሩ፣ የፈለጉትን ይሁኑ። ግን አያታቸው ያሳደጋቸው ማሳ መወርወሪያ እንደነበረ ሳያፍሩ የሚናገሩ ይሁኑ።

ውድ አድማጮቻችን፣ ማሽኑን ማቆም አንችልም፤ ማቆምም የለብንም። መንገድ መክፈትና የምንዛሪ ተመን ማስተካከልም ከእኛ እጅ ውጭ ነው። የሸማኔው መነሻ ገንዘብ ግን ቀድሞ በየቤታችን ሙዳይ ውስጥ ነበር፤ ዛሬም ለጋቢ የምናወጣው ገንዘብ በእጃችን ነው። የቀረን ቀድመን ለሠሪው መስጠት ብቻ ነው። አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ እጃችንን ታማኝ፣ አገራችንን ሰላም ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።